ከካታሎጉ በፊት ቆጣሪው

አንድ ደንበኛዬ የሦስት ማርቼዲስ ፎቶ በስልካቸው ይዘው ጋራዥ መጡ። ሦስቱም በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱ ናቸው፤ ኢኪውቢ፣ ኢኪውኢ እና ኢኪውኤስ። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። «ልጄ፣ ልቤ የወደደው ትልቋን ነው» አሉኝ ኢኪውኤሷን እያሳዩ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ቤትዎን ልየው» አልኳቸው።

ይህን ሳልጠይቅ ምክር አልሰጥም። የኤሌክትሪክ መኪና ማደያዋ ግቢ ውስጥ ያለው ቆጣሪ ነው። የእሳቸው ቤት ሽሮ ሜዳ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ቆጣሪው ባለ አንድ ፌዝ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ድረስ የተዘረጋውም ሽቦ ለአምፖል የታሰበ ቀጭን ሽቦ ነው። በዚህ መስመር ከ10 አምፔር በላይ አልፈቅድም፤ ያ ማለት 2.2 ኪሎዋት ነው። የመጀመሪያዎቹ ኢኪውኤሶች ትልቁ ባትሪ 107.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ባዶውን እንሙላው ብንል፣ መብራት አንዴም ባይጠፋ፣ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት አይበቃም። የኢኪውቢ 66.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ራሱን የቻለ ባለ 32 አምፔር መስመር ቢዘረጋላት ማታ ተሰክታ ጠዋት ሞልታ ትገኛለች።

ቀጥሎ መንገዱን በእግራችን ወረድን። ኢኪውኤስ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 3.21 ሜትር ናት፤ ኢኪውቢ 2.83። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ያን የሚያህል ርዝመት ግን ባትሪውን ከሆዱ ሥር ተሸክሞ በኮረብታ ጫፍ ወይም ከፍ ባለ የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሲያልፍ፣ መጀመሪያ መሬት የሚነካው መሃሉ ነው። በአየር የሚሠራው ሞላ መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል፤ ቢሆንም በየቀኑ ጠዋትና ማታ በዚያ ላይ ተማምኖ መኖር ያሳስበኛል። ሆዷ ተፍቆ የባትሪው ሽፋን የጎደጎደ ሌላ መኪና በክሪክ አንስቼ አይቻለሁ። ባለቤቱ ከሥሯ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ፊቱ ላይ የነበረውን ድንጋጤ አልረሳም።

ስለ ዳገቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሻጭ ሲነግር ሰምቼ ስለማላውቅ። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሯ ዞሮ ጄኔሬተር ይሆንና ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ፍሬኑም ያርፋል። ከላይ የሚኖር ሰው ግን ሌሊቱን 100 በመቶ ሞልቶ ጠዋት ወደ ፒያሳ ከወረደ ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ያ ሁሉ ጉልበት በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። «ጋሼ፣ 80 ላይ ያቁሙት» አልኳቸው፤ ለባትሪው ዕድሜም የሚበጀው እሱ ነው። በነዳጅ ዘመን ሙሉ ታንከር ይዞ መውጣት ብልህነት ነበር። ይህን ልማድ መተው ለብዙ ደንበኞቼ ከመንዳቱ ይልቅ ይከብዳቸዋል።

ትንሿን መኪና የሚፈትናት ሐዋሳ ነው። ቤተሰቡ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ይወርዳል። 275 ኪሎሜትር ነው፤ በ100 ኪሎሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት ብንይዝ 55 ይሆናል። ሲመለሱ ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ ስላለ ሌላ 6 ገደማ ይጠይቃል። ከ66.5 ውስጥ 61 ወጣ ማለት ነው። እዚህ ላይ 90.6 የምትይዘው ኢኪውኢ ትበልጣታለች፤ ይህን አልደበቅኳቸውም። ግን ሐዋሳ ሁለት ሌሊት ያድራሉ፤ በተራ ሶኬት እንኳ ያ ጊዜ ይበቃታል። ሲመለሱም ባቱ ላይ ምሳ እየበሉ ቻርጅ የሚያደርጉበትን ቦታ አስቀድመው ቢያረጋግጡ ልቤ ያርፋል።

ነገሩን የቆረጡት ግን እናታቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዝቅ ያለ መኪና ውስጥ መግባቱ ይቻላቸዋል፣ መውጣቱ ነው ሰው የሚፈልገው። ኢኪውቢ ቁመቷ ከፍ ያለ ነው፤ መቀመጫዋ ወገብ አካባቢ ስለሚደርስ ዞር ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው የኢኪውኤሷን ፎቶ አጠፉ።

የቀረን የቻርጅ ሶኬቱ ጉዳይ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራችው ኢኪውቢ ሶኬቷ ከአውሮፓዋ ይለያል፤ በሐዋሳ መንገድ ካሉት ቻርጀሮች ጋር የሚስማማውን ሳናውቅ ቀብድ እንዳይሰጡ ነግሬያቸዋለሁ። ሻጩ የሶኬቱን ፎቶ እንዲልክ ተጠይቋል። ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ ማክሰኞ ይመጣል፤ አዲሱን መስመር የሚዘረጋው መኪናዋ ከመገዛቷ በፊት ነው።