«ማጣበቅ» ስንት ሥራ ይሸከማል? ስለ ብርጭቆና ጨርቅ ጌጣጌጥ ስያሜዎች

በእጅ ስለሚሠሩ ጌጣጌጦች የተዘጋጀ አንድ የሥልጠና ጽሑፍ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ረቂቁ ለአስተያየት ቀርቦልን ነበር። ሥራው የብርጭቆ ቁርጥራጮችን በእቶን አግሎ አንድ ማድረግ፣ ከዚያም ከብጣሽ ጨርቅ በተጎነጎነ ገመድ ላይ አንጠልጥሎ የአንገት ጌጥ፣ ጉትቻና አምባር ማውጣት ነው። ረቂቁ በሰዋስው ረገድ የሚነቀፍበት ነገር አልነበረም። ነገር ግን «ማጣበቅ» የተባለውን አንድ ግስ ለሦስት ሥራዎች ተጠቅሞበታል። ብርጭቆ ከብርጭቆ ጋር በእሳት ሲያያዝ ተጣበቀ፤ የብረት ማንጠልጠያው ከጌጡ ጀርባ በሙጫ ሲያዝ ተጣበቀ፤ ጨርቁ ከብርጭቆው ጋር ሲገናኝም ተጣበቀ። ይህን የሚከተል ጀማሪ ጨርቁን ከብርጭቆው ጋር 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደሚደርስ እቶን ቢያስገባ የሚወቀሰው እሱ ሳይሆን ተርጓሚው ነው። ከዚህ በታች የምናቀርባቸው ስያሜዎች ከዚህ ችግር የተነሡ ናቸው።

አስቀድሞ የሚያጋጥመው ጥያቄ የቁሱ ስም ነው። አማርኛ ብርጭቆ፣ ጠርሙስ፣ ብርሌና መስተዋት የሚሉ ስሞች አሉት፤ ሁሉም ግን በመጀመሪያ የዕቃ እንጂ የቁስ ስሞች አይደሉም። ቁሱ ለአገራችን እንግዳ ሆኖ አይደለም። በ1ኛው ምእተ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ የብርጭቆ ፈርጦችን ይቆጥራል፤ ዶቃና ጨሌም ዘመን ያስቆጠሩ ጌጦች ናቸው። ግዕዝ ለቁሱ «ማህው» የሚል ስም ሲኖረው፣ ቃሉ ግን ወደ ዕለታዊው አማርኛ አልተሻገረም። ዛሬ ማህው ብንል ከሊቃውንቱ በቀር የሚሰማን አይኖርም። «መስተዋት» የሚለው ደግሞ ፊት ማያውንም የመስኮቱንም ስለሚያጠቃልል፣ ሠራተኛው ጀርባው ቀለምና ብረት የተቀባውን ፊት ማያ ሰብሮ ወደ እቶን እንዲከት ሊያሳስተው ይችላል። ስለዚህ «ብርጭቆ» የቁሱ ስም እንዲሆን፣ ለዕቃው «የመጠጫ ብርጭቆ» እንዲባል፣ በገበታ መልክ የሚሸጠውም «ዝርግ ብርጭቆ» እንዲሰኝ እንመርጣለን። የዮሐንስ ራእይ የአማርኛ ትርጉምም በምዕራፍ 4 ብርጭቆን በቁስ ስምነት ተጠቅሞበታል።

ወደ ዋናው ግስ እንመለስ። ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት «ማቅለጥ» ነው። ብርጭቆ ግን እንደ ወርቅ በአንድ በተወሰነ መጠነ ሙቀት ላይ ከጠጣርነት ወደ ፈሳሽነት የሚዘል ቁስ አይደለም፤ መጠነ ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። በጋና የሚኖሩት የክሮቦ ሰዎች የሚሠሩት ዶቃ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። አሮጌ ጠርሙስ ወቅጠው ዱቄቱን በሸክላ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያደርጋሉ፤ በመካከሉ የካሳቫ ቅጠል አንጓ ይሰካሉ። በእሳቱ አንጓው ነድዶ ቀዳዳውን ሲተው፣ የዱቄቱ ቅንጣቶች ለስልሰው እርስ በርስ ይያያዛሉ እንጂ እንደ ውሃ አይፈስሱም። «መበየድ» ደግሞ ብረት ሠራተኞች የያዙት ቃል ነው። «ማዋደድ»ን ወደነው ነበር፤ ነገር ግን አናጢው እንጨትን ከእንጨት ያለ እሳት አስተካክሎ ሲገጥም የሚጠቀምበት ስለሆነ እሳቱን ያስረሳል።

ስለሆነም ለጠቅላላው ሥራ «አግሎ ማጋጠም» የሚለውን ሐረግ እናቀርባለን። በሥሩ ሁለት ደረጃዎች አሉ። ከ700 እስከ 760 ዲግሪ ገደማ ቁርጥራጮቹ ይያያዛሉ፤ ጠርዛቸው ግን ለዓይንም ለእጅም ይታወቃል፤ ይህ «አግሎ መለጠፍ» ይባል። ከ790 እስከ 815 ዲግሪ ገደማ ድርብርቡ ጠርዙን አጥቶ አንድ ወጥ ይሆናል፤ ይህም «አግሎ ማዋሐድ» ይሁን። «ውህድ» በኬሚስትሪ የያዘው ትርጉም አለ የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ በፊቱ የቆመው «አግሎ» ግን ሁለቱን ለመለየት በቂ መስሎ ይታየናል። ዝርጉ ብርጭቆ በቅርጽ ማውጫ ላይ በዝቅተኛ ግለት እንዲጎብጥ የሚደረግበትን ሥራ «አግሎ ማርገብ» ብለነዋል፤ የተወጠረ ገመድ ወይም ከበሮ ሲላላ ረገበ እንደሚባለው ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያነጋገረን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የሥራ ክፍል ነው። ረቂቁ «ከዚያም ይቀዝቅዝ» ብሎ ያልፋል። ይህን ያነበበ ሰው የእቶኑን በር ቢከፍት አይፈረድበትም። በድንገት የቀዘቀዘ ብርጭቆ ግን ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ይጠጥራል፤ ሁለቱ እኩል ስለማይኮማተሩ ውጥረት በውስጡ ታስሮ ይቀራል። ጌጡ ያኔ ወይም ከቀናት በኋላ፣ ምናልባትም በባለቤቱ አንገት ላይ ሳለ ሊሰበር ይችላል። ባለሙያዎች ይህን ለመከላከል እቶኑን ብዙውን ጊዜ ከ480 እስከ 520 ዲግሪ ባለው መጠን ላይ ያቆዩታል። ለ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ በዝግታ ያወርዱታል። ሥራው ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም፤ ውጥረቱ እስኪለቅ በሙቀት ውስጥ ማቆየት ጭምር ነው። ለዚህ «ማስከን» የሚለውን መርጠናል። ድፍርስ ውሃ ሲጠል ሰከነ ይባላል፤ የተቆጣ ሰውም ይሰክናል። ሙቀቱም «የማስከኛ መጠነ ሙቀት» ይሆናል።

ሳይሰክን የቀረው ብርጭቆ የሚደርስበትን ጉዳት ሕዝቡ ራሱ ሰይሞታል፤ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይላል። «ነቃ» ከ«ተሰበረ» የተለየ ነው፤ ዕቃው ሳይለያይ መሥመር ሲያወጣ ነው። ግሱን እንደያዝን ስሙን ግን «ንቃት» ማለት አልደፈርንም። «ንቃትን መከላከል» የሚል ምዕራፍ የሚያወጣ የሥልጠና መጽሐፍ ምን እንደሚባል አንባቢ ይገምት። ስለዚህ ለምድሩ የምንለውን «ንቃቃት» ተውሰናል። ንቃቃቱ ሁለት የብርጭቆ ዓይነቶች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ከታየ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ በእኩል መጠን አለመስፋፋታቸውና አለመኮማተራቸው ነው። ለዚህ ሥራ የሚሸጡት ብርጭቆዎች 90 ወይም 96 የሚል ምልክት የሚይዙት ለዚሁ ነው፤ ቁጥሩ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከአሥር ሚሊዮን ስንት እጅ እንደሚረዝሙ ያመለክታል። አብረው የሚሄዱትን «ተጣጣሚ» ብንላቸው ይበቃል።

በጨርቁ በኩል የቃል እጥረት የለም፤ እንዲያውም ብዛቱ ነው የሚያስቸግረው። ልባሽ የተለበሰ ነው፤ ውራጅ ከአንዱ ወደ ሌላው የወረደ ነው፤ ሳልባጅ ከውጭ የገባውን ልባሽ የሚያመለክት የገበያ ቃል ነው። እራፊ ለመጣፊያ የሚሆን ቁራጭ፣ ብጣሽ የተቀደደ ወይም የተቆረጠ ትራፊ ሲሆን፣ ቡትቶ ግን ስድብ አለበት፤ በጌጥ ስም ላይ ሊገባ አይገባም። ረቂቁ እነዚህን ሁሉ ትቶ «ዳግም የተመረተ ጨርቅ» ብሏል። ይህ አነጋገር ድሩና ማጉ ፈርሶ፣ ቃጫው እንደገና ተፈትሎ የተሸመነውን ነው የሚገልጸው። ከልብስ ሰፊ ቤት የተለቀመው ቁራጭ ግን አልተመረተም፤ አልተለበሰምም። ስለዚህ እንደ ምንጩ «ብጣሽ ጨርቅ» ወይም «ልባሽ ጨርቅ» ይባል።

ጨርቁ ይጎነጎናል፣ ይሰፋል፣ ይታሰራል፤ «ማጣበቅ» የሚፈቀደው ሙጫ ሲኖር ብቻ ነው። «ማቅለጥ»ም የሚገባበት ቦታ አለው፤ የናይለን ቁራጭ ጫፍ እንዳይተረተር በእሳት ሲነካ በእርግጥ ይቀልጣል። ጥጥ ከሆነ ግን ይነዳልና ተርጓሚው የጨርቁን ዓይነት ሳይጠቅስ ይህን መመሪያ መጻፍ የለበትም።

አንድ ነገር ሳንወስን ቀርተናል። ገመዱ የሚያልፍበትን የጌጥ ቀለበት «ጆሮ» ለማለት ፈልገን ነበር፤ እንስራም ማሰሮም ጆሮ አላቸውና። ለአንገት ጌጥ መልካም ነው። የጉትቻ ጆሮ ስንል ግን እርስ በርሳችን ተሳሳቅን፤ ለጊዜው «ማንጠልጠያ» ብለን አቆይተነዋል።