የሕፃን ስንዝርና የሱቅ ሚዛን

ሕፃን ልጅ ሱቅ ተልኮ ሲመለስ «በደንብ መዘኑልህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሚዛን ምን እንደሆነ ግን የነገረው የለም። በቂርቆስም ሆነ በካዛንቺስ (የሰፈሩ ስም በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች የመጣ ነው) በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤተ ሰብ ይህን ትምህርት በቤቱ ባለው ዕቃ ሊሰጥ ይችላል።

በመጀመሪያ ልጁ ጠረጴዛውን በስንዝሩ ይለካ፤ ከዚያም አባቱ ይለኩት። ልጁ አሥር ሲል አባት ስድስት ይላሉ። ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም፤ የተለያየው ስንዝሩ ነው። ፈረንሳዮች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1790ዎቹ ሜትርን ያበጁት የየአውራጃው ልክ እየተለያየ ስላስቸገራቸው ነበር፤ ኢትዮጵያም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1963 የሜትርን ሥርዓት በአዋጅ ተቀብላለች። ለልጁ ማስመሪያው የሚሰጠው እንግዲህ ከዚህ ክርክር በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

ክብደትም እንዲሁ ነው። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ቀጥ ያለ ዘንግ ወገቡ ላይ በገመድ ይንጠልጠል፤ ባንዱ ጫፍ ውኃ የተሞላ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ፥ በሌላው በፌስታል ያለ ሽንኩርት ይታሰር። ዘንጉ ወደ ውኃው ካዘነበለ ሽንኩርቱ ከኪሎ ይጎድላል። ከጉሊት በመደብ የተገዛ እንደሆነ ባለጉሊቷን መውቀስ አይገባም፤ መደብ የሚሸጠው በዓይን ነውና። በኪሎ ተብሎ የተገዛ ከሆነ ግን፥ ገና ፊደል ያልቈጠረው ልጅ ራሱ «ጎድሏል» ብሎ ወደ ሱቁ ይዞት ሊመለስ ይችላል።