ብሎግ ለመክፈት ብር አያስፈልግም፤ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል

«የራሴ ድረ ገጽ ቢኖረኝ ደስ ይለኛል፣ ግን ለዶሜይንና ለሆስቲንግ የምከፍለው የለኝም» የምትሉ ቤተሰቦቻችን፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሀብ፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ጊትሀብ ፔጅስ» የሚባል አገልግሎት አለው። የኮድ ማስቀመጫችሁን በነፃ ድረ ገጽ ያደርግላችኋል። ኮምፒውተር ባይኖራችሁም በስልካችሁ ብሮውዘር ይሠራል።

እንዴት?

1. አካውንት ክፈቱ። ዩዘርኔማችሁ የብሎጋችሁ አድራሻ ስለሚሆን አስባችሁ ምረጡ።

2. አዲስ ሪፖዚተሪ ፍጠሩ። ስሙ ዩዘርኔማችሁ ሆኖ መጨረሻው ላይ «ዶት ጊትሀብ ዶት አይኦ» ይጨመርበት፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው። ፐብሊክ አድርጉት።

3. «ኢንዴክስ ዶት ኤምዲ» የሚል ፋይል ክፈቱ። ውስጡ በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ። ሲያልቅ ኮሚት የሚለውን ተጫኑ።

4. ሴቲንግስ ውስጥ ፔጅስ የሚለው ጋር ገብታችሁ «ሜይን» ብራንች መመረጡን እዩ። ከዚያ እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ።

ጽሑፍ ብቻ ያለው ገጽ ዳታ አይበላም፤ ኔትወርክ ሲደክምም ቶሎ ይከፈታል።

አንድ ነገር ግን አደራ! ጊት እያንዳንዱን ለውጥ መዝግቦ ያስቀምጣል። ዛሬ የጻፋችሁትን ስልክ ቁጥር ወይም ፓስወርድ ነገ ብታጠፉት፣ ከገጹ ይጠፋል እንጂ ከሪፖዚተሪው ታሪክ አይጠፋም። ፐብሊክ ስለሆነ ማንም ገብቶ ያየዋል። ፓስወርድ አምልጧችሁ ከሆነ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ወዲያው ቀይሩት።

ኮሚት ከማለታችሁ በፊት አንዴ ደግማችሁ አንብቡ።