እውነት ወይስ ተረት? የመኪና ዋጋና የሞተር ዘይት በሳሪስ መንገድ

ከጎተራ ተነስቶ በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የደብረ ዘይት መንገድ የመኪና ሰፈር ነው። ጋራዡ፣ ላቫጆው፣ ጎሚስታው፣ የዘይትና የመለዋወጫ ሱቁ እዚሁ ይገኛል። ወደ ጅቡቲ የሚጓዘው ከባድ መኪና፣ ተሳፋሪ የሚጭነው ሚኒባስ፣ ቀኑን ሙሉ በኮንትራት የምትሮጠው ቶዮታ ቪትዝ በዚሁ ያልፋሉ። ስለ መኪና የሚባለው ሁሉ፣ ትክክሉም ስህተቱም፣ እዚህ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል።

ከሚባለው ውስጥ የብዙ ቤተሰብ ጥሪት የሚነኩት ሁለት ጉዳዮች የመኪና ዋጋና የሞተር ዘይት ናቸው። የመኪናው ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር ያየ ባለንብረት፣ ሀብቱ ራሱን በራሱ የሚያሳድግ ይመስለውና ለዘይት የሚያወጣውን ብር መቆጠብ ይጀምራል። ዋጋውን ከፍ ያደረጉት ኃይሎች ግን ሞተሩን አይጠብቁለትም። ሞተሩን የሚጠብቀው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ተረቱን ከእውነቱ መለየት የኪስ ጉዳይ ነው።

ተረት 1፦ «መኪና ዋጋዋ አይወርድም፤ ገዝቶ ማቆየት ነው።»

እውነቱ፦ መኪና በየቀኑ ያረጃል። የጨመረው የመኪናው ጥራት ሳይሆን መኪናውን ለመተካት የሚጠየቀው ብር ነው። በ5,000 ዶላር የምትገዛ አንዲት መኪና እናስብ፤ ቀረጡንና ማጓጓዣውን ለጊዜው እንተወው። አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም በነበረበት በደርግ ዘመን ዋጋዋ 10,350 ብር ነበር። በ1985 ዓ.ም. ምንዛሬው 5 ብር ሲሆን 25,000 ብር ገባች። ጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ሲደረግና ዶላር ወደ 27 ብር ሲጠጋ 134,000 ብር አለፈች። በሐምሌ 2016 አጋማሽ፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ሳለ፣ 285,000 ብር ነበረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግማሽ ዓመት እንኳን ሳይሞላ ዶላር ከ120 ብር ስላለፈ፣ ያቺው መኪና 600,000 ብር ተሻገረች። መኪናዋ አንዲት ብሎን እንኳን አልተጨመረላትም።

በዚህ ላይ ግብር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ሞተራቸው ከ1,300 ሲሲ የማይበልጥ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ኤክሳይዝ ከ30 ወደ 5 በመቶ ሲያወርድ፣ ያገለገሉትን እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። የጉምሩክ ቀረጡ፣ ኤክሳይዙ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱና ሱር ታክሱ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚሰላ ድምሩ ከመኪናው መነሻ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ጥቅምት 2015 መንግሥት የውጭ ምንዛሬ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 የሸቀጥ ዓይነቶች መካከል አውቶሞቢል ይገኝበት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ።

እንግዲህ ሳሪስ ላይ የቆመችውን ያገለገለች ቪትዝ ያስወደዷት ምንዛሬው፣ ግብሩና የአቅርቦት እጥረቱ ናቸው። ሦስቱም በአንድ ውሳኔ ሊለወጡ ይችላሉ፤ የኤሌክትሪክ መኪናው ገበያም ከጎን እየሰፋ ነው። ገዢ ሜካኒክ ይዞ ሲመጣና ሞተሩ ሲያጨስ ደግሞ ምንዛሬ የጨመረው ዋጋ እዚያው ይወርዳል።

ተረት 2፦ «ድሮ መኪና ርካሽ ነበር።»

እውነቱ፦ ቁጥሩ ትንሽ ነበር፤ ርካሽ መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፎርድ ሙስታንግ የተባለችው የአሜሪካ ስፖርት መኪና በ1964 እ.ኤ.አ. ለገበያ ስትቀርብ መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። በዛሬ የመግዛት አቅም ሲሰላ ወደ 24,000 ዶላር ይጠጋል። የዛሬዋ ሙስታንግ ከ30,000 ዶላር በላይ ብትጠይቅም፣ ልዩነቱ በወረቀት ላይ እንደሚታየው አሥራ ሦስት እጥፍ አይደለም። ዋጋ ሲወርድም ታይቷል፤ ፎርድ ሞዴል ቲ በ1908 እ.ኤ.አ. 850 ዶላር ሲሸጥ ቆይቶ ምርቱ ሲበዛ በ1925 እ.ኤ.አ. 260 ዶላር ደርሷል። ዋጋን ከደመወዝና ከብሩ አቅም ጋር ሳያስተያዩ «ድሮ» ማለት ያሳስታል።

ተረት 3፦ «በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ካስቀየርኩ በቂ ነው።»

እውነቱ፦ 5,000 መጥፎ ቁጥር አይደለም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቶዮታ በጃፓን ለተለመዱት ቱርቦ ለሌላቸው የቤንዚን ሞተሮች 15,000 ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ዓመት ይላል፤ መኪናው በአስቸጋሪ ሁኔታ የሚሠራ ከሆነ ግን 7,500 ኪሎ ሜትር ወይም ስድስት ወር። ለቱርቦ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም ስድስት ወር፣ በአስቸጋሪ ሁኔታ 2,500 ኪሎ ሜትር ወይም ሦስት ወር ነው። በእያንዳንዱ ላይ «ወይም» የሚለው ጊዜ መኖሩን ልብ ይበሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ይወስናል።

አስቸጋሪ የሚባለው አቧራ፣ አጭር ጉዞና ሞተር አስነስቶ መቆም ነው። ይህ የሳሪስ ሾፌር የዘወትር ሕይወት ነው። በጠዋት መጨናነቅ ወደ ጎተራ ስትንፏቀቅ አንድ ሰዓት የፈጀች መኪና በቆጣሪዋ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ታስመዘግባለች፤ ዘይቷ ግን ሙሉ ሰዓት ሠርቷል። ያቺው መኪና ከቱሉ ዲምቱ በፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ አዳማ ብትገባ ሞተሯ ያን ያህል አይደክምም። ስለዚህ በከተማ ውስጥ በኮንትራት የሚሠራ ሰው ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ወሩን ይቁጠር።

ተረት 4፦ «ዘይቱ ከጠቆረ ተበላሽቷል፤ ካልጠቆረ ደህና ነው።»

እውነቱ፦ ቀለም ብቻውን አይፈርድም። ጥሩ ዘይት ጥላሸቱንና ቆሻሻውን አንስቶ በውስጡ ለመያዝ የሚያስችል ማጽጃ ኬሚካል ስላለው መጥቆሩ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። በተለይ በአይሱዙና በሲኖትራክ የናፍጣ ሞተሮች ውስጥ አዲስ ዘይት ቶሎ ይጠቁራል። በተቃራኒው፣ ገና ያልጠቆረ ዘይት ውስጡ ያለው ኬሚካል አልቆ ሊሆን ይችላል።

በእርግጥ የሚያስፈራው ቀለም ወተት የገባበት ቡና የመሰለው ነው። ያ ከሆነ ብዙ ጊዜ የራዲያተር ውሃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። የቤንዚን ሽታ ካለውም፣ በመለኪያው ዘንግ ላይ የዘይቱ ልክ ሳይጨመርበት ከፍ ካለም ሜካኒክ ማየት አለበት።

ተረት 5፦ «አገሩ ሞቃት ነው፤ ወፍራም ዘይት ይሻላል። ቴርሞስታቱንም አውጡት።»

እውነቱ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ የሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የምትበርድ ከተማ ናት። በዘይት ጀሪካን ላይ 5ደብሊው-30 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲሞቅ ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው ይናገራል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ 20ደብሊው-50 ወደ ላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፤ እስኪደርስ ድረስ ብረት ከብረት ይፋጫል። በቪትዝና በያሪስ ላይ ያለው ቪቪቲ-አይ የሚባለው የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው በዘይት ግፊት ነው፤ ለቀጭን ዘይት ተሠርቶ ወፍራም ሲገባለት አሠራሩ ይዛባል። ወፍራም ዘይት ያረጀ ሞተርን ድምፅና ጭስ ለጊዜው ሊሸፍን ይችላል፤ ያለቀ ፒስተን ቀለበት ግን አይመልስም።

ቴርሞስታት የሞተሩን ሙቀት ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ የሚያቆይ ዕቃ ነው። ሲወጣ ሞተሩ በወጉ አይሞቅም፤ በዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትና ቤንዚን ሳይተን ይቀርና ዘይቱ ወደ ጭቃነት ይለወጣል። መኪናዋ የምትሞቀው በሌላ ምክንያት ከሆነም ምክንያቱ ተደብቆ ይቆያል። በዚህ ከፍታ ተራ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላም አይርሱ፤ ለራዲያተሩ ትክክለኛውን ኩላንት መጠቀምና ክዳኑ ግፊት መያዙን ማረጋገጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ተረት 6፦ «ዘይት ቢበዛ አይጎዳም፤ የተገዛው ይግባ።»

እውነቱ፦ ላቫጆ ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ልጁ ከመኪናው ሥር ገብቶ የመውረጃውን ብሎን ይፈታል፤ አሮጌው ዘይት በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ይወርዳል፤ ፊልትሮው ተፈቶ አዲሱ ይገባል፤ ከዚያ ባለ 4 ሊትሩ ጀሪካን እስከ መጨረሻው ጠብታ ይገለበጣል። የ1,300 ሲሲ ሞተሯ ቪትዝ ግን ከነፊልትሮዋ የምትይዘው 3.7 ሊትር ገደማ፣ ባለ 1,000 ሲሲዋ ደግሞ 3 ሊትር ገደማ ነው። ትርፉ ዘይት በሚሽከረከረው የሞተር ዘንግ ይመታና አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ እንደ ዘይት አያለሰልስም። ግፊቱም የጎማ ማሸጊያዎችን ያስለቅቃል።

መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም፤ ሞተሩ ተነስቶ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ የመለኪያው ዘንግ ተጠርጎ ተመልሶ ይግባና ይታይ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። የተረፈውን ይዘው ይሂዱ፤ መሙያ ይሆንዎታል። ባዶውን ጀሪካን ደግሞ ቀደው ይጣሉት፤ አስመስለው የሚሸጡ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ኦርጅናል ጀሪካን ነው።

ተረት 7፦ «የስፖርት መኪና ዘይት ለሁሉም መኪና ይሻላል።»

እውነቱ፦ ለእሽቅድድም የተዘጋጀ ዘይት ለአጭር ጊዜ ከፍተኛ ሙቀት ተሠርቶ ከውድድር በኋላ የሚጣል ነው። ለወራት ቆሻሻ ይዞ እንዲቆይ አልታሰበም። የስፖርት መኪና ዘይት ማስቀየር የሚወደደውም በዘይቱ ምክንያት ብቻ አይደለም። የቡጋቲ ቬይሮን ዘይት ቅየራ ከ20,000 ዶላር በላይ እንደሚያስወጣ በሰፊው ተዘግቧል፤ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሄደው የመኪናውን አካል ፈቶ ለመድረስ ለሚፈጀው ረጅም ሥራ ነው። የእርስዎ መኪና የሚፈልገው በመመሪያ መጽሐፏ ላይ የተጻፈው ደረጃና ውፍረት ነው። ከዚያ በላይ የሚከፈል ብር ሞተሩ ጋ አይደርስም።

ተረት 8፦ «የኤሌክትሪክ መኪና ዘይት አያውቅም።»

እውነቱ፦ ግማሹ እውነት ነው። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ የላትም። የፍጥነት መቀነሻ ማርሽ ዘይት፣ የፍሬን ዘይትና ብዙ ጊዜም ለባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ግን አላት፤ እነዚህም በጊዜያቸው መታየት አለባቸው።

ተረት 9፦ «የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ቢፈስ ምን ይሆናል?»

እውነቱ፦ ብዙ ነገር ይሆናል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከአንድ ጊዜ ቅየራ የሚወጣ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ንጹሕ ውሃ ሊበክል እንደሚችል ይገልጻል። ሳሪስ ያለው በአቃቂ ተፋሰስ ውስጥ ነው፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ደግሞ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ይወጣል። ቱቦ ውስጥ የተደፋ ዘይት ዞሮ የሚመጣው ወደ ራሳችን ቤት ነው። ዘይት የሚያስቀይሩበት ቦታ አሮጌውን በበርሜል የሚያጠራቅም መሆኑን ይጠይቁ፤ የማያጠራቅም ከሆነ ሌላ ቦታ ይሂዱ።

ምን ይደረግ?

ነገ ጠዋት የዘይቱን ልክ ይዩ። የመጨረሻው ቅየራ የተደረገበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በደብተር ይጻፉ፤ የዘይቱን ዓይነትና የፊልትሮውን ደረሰኝ አብረው ያስቀምጡ። መኪናውን የሚሸጡበት ቀን ሲመጣ ያ ደብተር ከማንኛውም ደላላ ቃል በላይ ይመሰክርልዎታል። ምንዛሬውንና ግብሩን እኔና እርስዎ አንወስንም። ብዙ ሰው ዓመታት ቆጥቦ፣ ዕቁብ ጥሎና ተበድሮ የገዛት መኪና በጥቂት ሺህ ብር ዘይት ምክንያት ሞተሯ ሲወርድ ማየት ግን ማስቀረት የምንችለው ኪሳራ ነው።