የገነተ ልዑል ነዋሪዎች

ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ከቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ጣልያኖች የሠሩት ነው፤ ሙሶሊኒ በ1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከማፍረሱ ይልቅ ይኼኛው የባሰ ስድብ ነው ባይ ነኝ።

ገነተ ልዑል በ1920ዎቹ አጋማሽ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ተሠርቶ ብዙም ሳይኖሩበት ጠላት ገባ፤ ቤቱም የጣልያን እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 እንደራሴው ግራዚያኒ የኢጣሊያ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት ሲያሰጥ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ደጃፍ ላይ ነው። ግራዚያኒ ቆስሎ ተረፈ። በቀሉ ግን በከተማው ሕዝብ ላይ ወረደ፤ ለሦስት ቀን የተጨፈጨፉት ሰዎች መታሰቢያ ሐውልት ዛሬ ከግቢው በር ውጪ አደባባዩ ላይ ይታያል።

ከነጻነት በኋላ ጃንሆይ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ታህሳስ 1953 ብራዚል ለጉብኝት ሄደው ሳለ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ሙከራው ሲከሽፍ በቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ ሳሎን ታግተው በነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች ላይ ጥይት ተርከፈከፈ። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ስዩም መንገሻ ከሞቱት መካከል ናቸው። በ1954 ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ለምን እንደተሰጠ ብዙ ይባላል፤ ያን ሁሉ ደም ካየ ቤት ውስጥ ተመልሶ መተኛት ለማንም የሚከብድ ይመስለኛል።

የጃንሆይ መኝታ ቤት ግን እንዳለ ነው፤ አልጋቸውም መታጠቢያ ክፍላቸውም ይጎበኛል። መስታወቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ፤ የታህሳሱ ግርግር ያተረፈው ነው።

ከቀሩት ክፍሎች ብዙዎቹን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይዟቸዋል። የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሲሆኑ፣ ሙዚየሙን በማደራጀት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ብዙ ደክመዋል። የባህል ዕቃው የተደረደረው በክፍለ ሀገር ወይም በብሔር አይደለም፤ ከልደት ጀምሮ በልጅነት፣ በጉልምስናና በሞት ቅደም ተከተል ነው። በዚህም የአንዱ ሕዝብ የልጆች መጫወቻ ከሌላው ሕዝብ መጫወቻ አጠገብ ይገኛል፤ የመቃብር ሐውልቶቹም እንዲሁ።