ከሰላም ማስከበር የተመለሰ ወንድም አላችሁ? ትኩሳቱን አትናቁ



መንዝ ብርድ ነው። መሐል ሜዳ ወይም ጓሳ አካባቢ ያደገ ሰው ወባን በስም እንጂ በአካል አያውቃትም። ችግሩ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ጦር ለዓመታት አብዬ ላይ ሰላም ሲያስከብር ቆይቷል፤ አብዬ ደግሞ ቆላ፣ የወባ አገር ነው። ልጁ ግዳጁን ጨርሶ ቤቱ ሲገባ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ቢይዘው "ብርድ መቶት ነው" ወይም "ተስቦ ነው" ይባላል። ደጋ ላይ ወባን ቶሎ የሚጠረጥር የለም።

ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይታያል፤ ሕክምናው ከዘገየ ይገድላል። ቫይቫክስ ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ይነሳል። የኛ ቃኘው ሻለቃ በተዋጋበት በኮሪያ ጦርነት የዘመቱ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች አገራቸው ከገቡ በኋላ የታመሙት በዚሁ ነው። ፕሪማኩዊን የተባለው መድኃኒት ለተመላሾች በሰፊው መሰጠት የጀመረውም ያኔ ነበር።

ስለዚህ፦
• ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ይደረግ።
• ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ የት አገር እንደነበራችሁና መቼ እንደተመለሳችሁ ቀድማችሁ ንገሩት።
• ፕሪማኩዊን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይወሰድም፤ አንዳንድ ሰው ላይ ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል።

የጆሮ ጩኸት፣ ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥ ካለም አብሮ ይነገር። ጀግና አይታመምም ያለው ማነው?

ወንድሟ ወይም ባሏ ለተመለሰላት ሁሉ ሼር አድርጉላት።