ሊኮጋላ፦ የበሰበሰ ግንድ ላይ የሚወጡት ሮዝ እንክብሎች

ዝናብ ካባራ በኋላ ወድቆ የበሰበሰ ግንድ ላይ ደማቅ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ እንክብሎች ተጠጋግተው ከታዩ፣ ሊኮጋላ ሳይሆኑ አይቀሩም። የአንዱ ስፋት ከ3 እስከ 15 ሚሊሜትር ነው። ብዙ ሰው እንጉዳይ ይላቸዋል፤ የፍጥረታት መዳቢው ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1753 የመደባቸው ሲነኩ ዱቄት ከሚተፉት ድቡልቡል እንጉዳዮች ጋር ነበር። ጀርመናዊው ተመራማሪ አንቶን ደ ባሪ ግን በ1859 ሊኮጋላን የሚያካትቱት ዝልግልግ ሻጋታዎች ወደ እንስሳት እንደሚያዘነብሉ ተከራከረ። ዛሬ የሚመደቡት ከአሜባ ዘመዶች ጋር ነው። ሊኮጋላ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው እንጨቱ ውስጥ ተሰውሮ፣ ባክቴሪያና መሰል ደቃቅ ነገሮችን እየበላ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ስፖር (ደቃቅ የመራቢያ ህዋስ) ለመበተን ሲደርስ ብቻ ነው።

መለያው ያለው ከቆዳው በታች ነው። ለጋው እንክብል ጫን ሲሉት ይፈርጥና እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ ሮዝ ልቁጥ ይወጣዋል። ለጋ ድቡልቡል እንጉዳይ ቢሰነጠቅ ግን ውስጡ ጠጣር ነጭ ሥጋ ነው። እንጆሪ የሚመስለው ቱቢፌራም ያሳስታል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን እርስ በርስ የተጣበቁ በርካታ ቀጫጭን ቱቦዎች ሆኖ ይገኛል።

ሮዙ ቀለም ብዙ አይቆይም። በቀናት ውስጥ እንክብሉ ወደ ግራጫና ቡናማ ይለወጣል፣ ልቁጡም ደርቆ ዱቄት ይሆናል። ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሮዙን ብቻ የለመደ ሰው ያንኑ ፍጡር በሳምንቱ ቢያገኘው አያውቀውም። የበሰለውን በእጅ አጉሊ መነጽር ሲያዩት ቆዳው ላይ ጥቃቅን ኪንታሮት መሰል ነጥቦች ይታያሉ። ሬቲኩላሪያ የሚባለው ዘመዱ ግን ከእሱ የሚተልቅ፣ ቆዳው ብርማና ልስልስ፣ ዱቄቱም ቡናማ ነው። ጥርጣሬ ከቀረ ማይክሮስኮፕ ይፈታዋል፦ ሊኮጋላ ቅርንጫፍ ያወጡ፣ የተሸበሸቡ ቱቦ መሰል ክሮች አሉት፤ በመካከላቸው ስፋታቸው 7 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ ስፖሮች ተበትነዋል።

ከጂነሱ ወርዶ ዝርያውን መጥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሊኮጋላ ኤፒደንድረም ለረጅም ጊዜ በመላው ዓለም የተሰራጨ አንድ ዝርያ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ የዘረመል ጥናት ግን በዚያ ስም ብዙ ዝርያዎች ተደባልቀው እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ ከፎቶግራፍ ብቻ «ሊኮጋላ» ብሎ ማቆም ትክክለኛ መልስ ነው። ናሙና ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ለጋውን ፎቶ አንስቶ፣ የልቁጡን ቀለም ጽፎ፣ የቀሩት ግንዱ ላይ እስኪበስሉ ይጠብቅ፤ ያለጊዜው የተነቀለ እንክብል ተጨማድዶ ይደርቃልና ስፖር አይገኝበትም።